ለጎረቤታችን ያዘልኩት ጠላ

ጎረቤታችን ለሰንበቴ የጠመቁት ጠላ በተራቸው ዋዜማ ሆመጠጠ ሲሉኝ በደስታ ዘለልኩ! እኚህ ሴት አምና በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት፣ «ይኼ ጠላ ነው ወይስ ቅራሪ?» ብለው እናቴን አስለቅሰዋት ነበር።

መጽሐፉ ደግሞ ለጠላቱ ደግ የሠራ በጠላቱ ራስ ላይ ፍም ይከምራል ይላል። ፍም መኖሩን ሳስብ ቃሉን ለመፈጸም ቸኮልኩ። እናቴ ለበዓል ከጠመቀችው አንድ ገንቦ ሞላሁ። ጋሪ አልፈለግሁም፤ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ መንገዴን በአሰላ ገበያ መሃል አዙሬ አዝዬው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ቅራሪም ቢሆን ነገ እንዳያፍሩ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

እንዲህ የሚጣፍጥ ትእዛዝ ፈጽሜ አላውቅም። እናንተም የበደላችሁ ሰው ካለ ዛሬውኑ ደግ ሥሩለት፤ ብቻ ፊቱን እያያችሁ ይሁን።