አከራዬ በበርበሬ ሚዛን ላይ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ማስተማር እንደጀመርኩ፣ በርበሬ በረንዳ ገበያ የሚነግዱ ሴት ቤት ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ወፍራም ነበሩ፤ ደም ግፊታቸው ከፍ ስላለ ሐኪሙ ክብደት እንዲቀንሱ አዟቸዋል። ችግሩ ያኔ መክሳት በሽታ ነበር። ማንም ስሙን አይጠራውም፣ "ያ በሽታ" ይባላል፣ ደንበኛ ቀስ ብሎ ይርቃል። ከእሳቸው ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብላ ትሸጥ የነበረች ሴት በጨጓራ ሕመም ስትከሳ፣ በርበሬዋን የሚነካ ጠፍቶ ሱቋን ስትዘጋ አይተዋል።

"ብወፍር ደሜ ይገድለኛል፣ ብከሳ ወሬ ይገድለኛል" አሉኝ።

እኔ ማስረዳት ስለምወድ በር መቃን ላይ አስጠግቼ በሜትር ለካኋቸው፤ አንድ ሜትር ከስልሳ። ኪሎን ለቁመት ማካፈል፣ የተገኘውን ደግሞ እንደገና ለቁመት ማካፈል፣ በቃ ይኸው ነው አልኳቸው። ከአሥራ ስምንት ተኩል በታች ከሆነ ሰውነት ጎድሎበታል፤ ከዚያ በላይ ሃያ አምስት እስኪደርስ ጤናማ ነው፤ ከሃያ አምስት ጀምሮ ክብደት በዝቷል፤ ሠላሳ ከገባ ለግፊትና ለስኳር በር ይከፍታል። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚካፈል ጠየቁኝ። ረጅም ሰው እንደ ትልቅ ጆንያ ነው፣ በቁመት ብቻ ሳይሆን በወርድም ይበልጣል፣ እያልኩ ብዙ አወራሁ። በትዕግሥት ሰሙኝና ኪሎውን ነገ ሱቅ መጥቼ እንዳየው ነገሩኝ።

በርበሬ በረንዳ ጆንያ ሲመዘን መዛኙ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሻጭም ገዢም ጎረቤትም ከሰማ በኋላ ክርክር የለም። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አከራዬ ጫማቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ወጡ።

"ጥራ እንጂ" አሉት መዛኙን።

"እትዬ፣ እርስዎን?"

"ምነው፣ ከጆንያ አንሳለሁ?"

ሰማንያ ሁለት ብሎ ጠራ። የሱቆቹ ረድፍ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ ቀሚሳቸውን እያሳየ የጆንያው ክብደት ይቀነስላቸው አለ። እሳቸው እዚያው ላይ ቆመው ሐኪም ቀንሺ እንዳላቸው፣ በየቅዳሜው እንደሚመዘኑ፣ ሲቀንሱም ሁሉም በጆሮው እንዲሰማ ተናገሩ። እኔ ከኋላ ሆኜ በልቤ አካፈልኩ፤ ሠላሳ ሁለት። ስሌቱን ማንም ይሠራዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መውጣቱን ግን እኔ አልደፍረውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታክሲ ትተው በጭድ ተራ በኩል በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ከሻይ ስኳሩን፣ ከወጡ ቅቤውን ቀነሱ። ቁጥሩ አንዳንድ ሳምንት ንቅንቅ አይልም፣ በዓል ሲያልፍ እንዲያውም ይጨምራል። አንድ ቅዳሜ መዛኙ አዝኖላቸው አሳንሶ ቢጠራ ተቆጡት። "ለበርበሬዬ የማታደርገውን ለእኔ አታድርግ" አሉትና በትክክል አስጠሩት።

ነገሩ ለረድፉ መዝናኛ ሆነ፤ እኔም ስሌቱን ለሁሉም አስተማርኳቸው። አንድ ደረተ ሰፊ ተሸካሚም ለቀልድ ወጥቶ ቢመዘን፣ ኪሎው ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ሲካፈል ሃያ ሰባት መጣ። ሁሉም እሱንም ቅቤ ሊያስተዉት ተነሡ። ስሌቱ ጡንቻንና ስብን እንደማይለይ፣ ስለዚህ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ተሸካሚው ከማብራሪያዬ የወሰደው "ጡንቻ" የምትለዋን ብቻ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እጅጌውን ሰብስቦ ዋለ።

ወራት አለፉ። ከክፍለ ሀገር በርበሬ ሊገዛ የሚመጣ የቆየ ደንበኛቸው፣ ከክረምት በኋላ መጀመሪያ ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። እንደ ልማዱ በርበሬውን በመዳፉ ዘገነ፣ ሊያሸትተው ሲል ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ጉንጫቸው ሟሙቷል፣ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። የያዘውን ቀስ አድርጎ ወደ ጆንያው መለሰ።

"ምነው እትዬ... ደህና አይደሉም እንዴ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አከራዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ መዛኙ ቀደማቸው።

"ደህና ናቸው። ሰማንያ ሁለት ነበሩ፣ ሰባ ስድስት ገቡ። እኛው ነን የመዘንናቸው።"

ከማዶ ያለችው ነጋዴ ቅዳሜ ቢመጣ ራሱ እንደሚሰማ ነገረችው። ተሸካሚው አሁንም ገና ሃያ አምስት እንዳልገቡ፣ ሥራ እንደሚቀራቸው አከለበት፤ ከሠላሳ መውረዳቸውን ግን መሰከረ። ሰውዬው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ቆየ። አከራዬ የጆንያውን አፍ ሰፋ አድርገው ከፈቱለት። እጁን መልሶ አስገባ፣ ዘገነ፣ አሸተተና እንዲመዘንለት ጠየቀ።