እህቴን የማያነጥር ሞተር ፍለጋ ወደ ዋጃ

ስሙኝማ፣ ሞተር ስላለህ ብቻ ሰው ታደርሳለህ ማለት አይደለም። የኔዋ ቲማቲም ከጫነች ስልስ ሆኖ ነው የሚወርደው። እህቴ ዘሀራ ደግሞ ወሯ ገብቷል። የምትኖረው ከጎብዬ በታች፣ አስፋልት የማያውቀው ቀበሌ ነው። ባጃጅ አይገባም፣ አዋላጅ የለም። ባለፈው በኔ ሞተር ስትነጥር ውላ፣ ሁለተኛ እሷ ላይ አልወጣም፣ እዚሁ እወልዳለሁ ብላ ማለች። እኔ ደግሞ እዚያ አትወልድም፣ ቆቦ እናታችን ጋ አመጣታለሁ አልኩ። ንጥረቱን የሚያለዝበውን አሞርዛተር ላስቀይር ከቆቦ ወደ ዋጃ ተነሳሁ።

ዋጃ

ጠዋት ነው የወጣሁት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ግራ ቀኙ ማሽላ ነው። አስፋልት ላይማ የኔም ሞተር አውሮፕላን ናት።

መካኒኩ አያ ኪሮስ ኮርቻዋን ጫን ጫን አድርጎ ሳቀብኝ። አሞርዛተሩ ዘይቱን ተፍቶ ጨርሷል፣ የቀረህ ብረቱ ነው አለኝ። ለሌላ ሞተር የተሠራ፣ ረዘም ያለ፣ ሞላው ወፍራም ጥንድ አምጥቶ ገጠመልኝ። የፊቱን ሹካ ዘይትም በወፍራም ቀየረው፣ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን መሬት እንዳትተክል። ሲጨርስ "ምን ትጭናለህ?" አለኝ።

"ኩንታል።"

ሌላ ምን ልበል? እኛ አገር ሞተር ያለው ሁሉ መልሱ ኩንታል ነው። ከዚያ ካነስክ ይስቁብሃል። አያ ኪሮስም ሞላው ስር ያለችውን ማጠበቂያ ቀለበት እስከመጨረሻው አጠበቃት።

ጎብዬ

ቆቦን አልፌ ጎብዬ እስክገባ እየዘፈንኩ ነው። ኩርባ ላይ መሪዋ ቀጥ፣ ጭራዋ አይወዛወዝ። ጎብዬ ሻይ በአምባሻ በላሁ። ለዘሀራም የበሰለ ቲማቲም ገዛሁላት፣ ሳይፈርጥ አድርሼ አፏን ላስይዛት።

ከአስፋልቱ ስወርድ ጉድ ፈላ። መንገድ ሠራን ባዮቹ ጠጠሩን ደፍተው፣ ሳይበትኑት ሄደዋል። ክምሩ ላይ ሣር በቅሏል፣ ፍየል ይግጥበታል። ሞተሯ ትወረውረኝ ጀመር፤ ከድሮው ባሰች።

ቤቷ ስደርስ ዘሀራ የቲማቲሙን ፌስታል ከፍታ የፈረጠውን አየችና፣ "ወንድምዓለም፣ ይቺን ሞተር ያሠራሃት ለማሽላ ነው ለኔ?" አለችኝ።

ልቆጣ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። ኩንታል የጠበቀ ሞላን ይጫነዋል፤ ሰውን ግን ሞላው ያነጥረዋል።

መፍቻ አወጣሁ። "ነይ ተቀመጭ። ባንቺ ልክ ነው የማላላው።"

ባሏ በኔ ፋንታ ፊት ተቀመጠ፣ እሷ ከኋላው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንድ ባልቴት፣ እንደገና ልትድሯት ነው ወይ አሉ። ቀለበቷን አላላለሁ፣ ዘሀራ ተነስታ ትቀመጣለች፣ ደግሞ አላላለሁ። በመጨረሻ ሞተሯ ዝቅ ብላ እንደ ትራስ ተቀበለቻት። ዘሀራም "አላህ ያድርሰን፣ ሂድ" አለች።

ወደ ቤት

ባሏን አውርጄ በቦታው ተቀመጥኩ፤ ጎማውንም ትንሽ አስተንፍሼ በሰው እርምጃ ነዳሁ። በየክምሩ ጎን እጥፍ ስል መሪዋ ታዘዘችኝ። መሃል ላይ ዘሀራ ትከሻዬን ጭምድድ አደረገችው። ፍሬን ያዝኩ። ምነው አልኳት።

"ልጁ ነው የረገጠኝ። ሞተሩስ ደህና ነው።"

ቆቦ እናታችን ቤት ገባን፣ ጤና ጣቢያው ከደጃፏ ማዶ ነው። ዘሀራ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ የተረፈውን ቲማቲም በጨው ትበላለች። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። የተማርኩትም ይኼው ነው፤ ለሰው የሚሠራ ነገር ሰውየው ተቀምጦበት ነው የሚስተካከል።

እናንተ ጠጠሩን ደፍታችሁ የሄዳችሁትስ፣ ወሯ የገባ እህታችሁን ጭናችሁ በዚያ ክምር ላይ አንድ ቀን ሞክራችሁታል?