ሸኖ ላይ ወለደች የተባለችው በቅሎ

ሐሙስ ጠዋት፣ ልደታ

ከልደታ የተነሣሁት በደርግ ዘመን፣ ሰው ጎረቤቱን ቀና ብሎ ለማየት በሚፈራበት ወቅት ነው። የምሄደውም በቅሎ ወለደች የሚባለውን ነገር ላጣራ ነበር። ከሸኖ ወደ ውስጥ በምትገኝ አንዲት መንደር ወሬው ተነሥቶ ሕዝቡ ወደዚያ ይጎርፋል፤ በቅሎ ከወለደች መንግሥት ሊለወጥ ነው እያለም ይንሾካሾካል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የቢሮውን በር ዘግቶ፣ "ሂድና አጣራ። አጣርተህም አለመውለዷን ጻፍ" አለኝ።

እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። በቅሎ የፈረስና የአህያ ድቅል ስለሆነች መካን እንደሆነች ተምሬአለሁ፤ ግን እጅግ አልፎ አልፎ የወለደች ተገኝታለች ብለውም አስተምረውናል። ይቺን "ግን" ይዤ ተነሣሁ።

ለጉዞው የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ "የጉዞው ምክንያት?" ሲለኝ፣ "ወለደች የተባለችውን በቅሎ ለማየት" አልኩት። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ። "ወንድሜ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። ይህን በእጄ ጽሑፍ አልጽፍም" አለና "ለከብት ሕክምና" ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቴ አስቴር ቆሎና ዳቦ ቋጥራ እስከ ልደታ ማርያም ሸኘችኝ። አጥሩን ተሳልሜ በጌጃ ሰፈር በኩል ወደ አውቶብስ ተራ ወጣሁ።

ሰንዳፋ ኬላ፣ ረፋዱ ላይ

ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ጠመንጃ ያነገተው ጠባቂ ወረቀቴን አነበበ፤ ቦርሳዬን ከፍቶ መርፌዎቹን አየ።

"የምን ከብት ነው የምታክም?"

"የጋማ ከብት፣ ጓድ።"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ከሷ ዘንድ ነው የምትሄደው?"

"ከማን?" አልኩት።

ትንሽ አየኝና ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጥፎ "ግባ!" አለኝ። ሊይዘኝ ፈልጎ ይሁን የምሥራች ሊሰማ፣ ዛሬም አላውቅም። እስከ ሸኖ ድረስ ጎኔ የተቀመጠውን ሰው ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሸኖ፣ እኩለ ቀን

የሸኖ ብርድ ሹራብ አይመልሰውም። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ሻይና አምባሻ በሃምሳ ሳንቲም ቀመስኩ። የመንደሩን መንገድ ስጠይቅ ሰው ሁሉ ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ፤ ባለቤቲቱ ብቻ በእጇ ጠቆመችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ መሐሉ ጫማ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ። መንገዱ ቆንጆ ነበር፤ እኔ ግን ዞሬ ወደ ኋላ ማየቱን አበዛሁት።

መንደሩ ስደርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወጥቶ ተቀበለኝ። የበቅሎዋ ባለቤት አቶ ጥላዬ በማኅበሩ የእህል መጋዘን ታስረው ነበር።

"በምን ጥፋት?"

"በቅሎዬ ወለደች ብለው። ነገ ካድሬው ይመጣል፣ ዶክተር።" ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ማንም አልሰማኝም። "ውሸት ከሆነ አሉባልታ ነዝተዋል ተብሎ ወደ አውራጃ ይወሰዳሉ። ከዚያ የተመለሰ አላየንም።"

"እውነት ከሆነስ?"

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። "እውነት ከሆነማ፣ አንተስ ምን ብለህ ትጽፈዋለህ?"

በረቱ ውስጥ

የአቶ ጥላዬ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ ወደ በረቱ አስገቡኝ። ዳማ በቅሎ ናት፣ ያረጀች። ከሆዷ ሥር ስምንት ቀን የሆናት ውርንጭላ ቀጫጭን እግሮቿን አንፈራጣ ትጠባለች። ጡቱን ጨመቅ አደረግሁት፤ ወተት መጣ። የበቅሎዋን ብልት መረመርኩ፤ የወሊድ ምልክቱ ገና አልጠፋም።

"እንግዴ ልጁስ?"

"እኔው በእጄ ቀበርኩት። ቆፍሬ ላሳይዎት?"

ቆፈሩ፤ አየሁ። በቅሎዋ ወልዳለች! በሙያዬ ዘመን አንድም ሰው አየሁ ሲል ሰምቼ የማላውቀውን ነገር በዓይኔ አየሁ። እንባዬ መጣ፣ ግን ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም። ወለደች ብዬ ብጽፍ እኔና እኚህ ሰዎች አለቀልን። አልወለደችም ብዬ ብጽፍ አቶ ጥላዬ ውሸታም ሆነው ይሄዳሉ።

ጭንቅ አንድ ነገር አስታወሰኝ። በቅሎ ልጅ ሲያምራት የባዝራ፣ የሴት ፈረስ፣ ውርንጭላ ነጥቃ የራሷ ታደርጋለች፤ አንዳንዴ ወተት እስከ መስጠት ትደርሳለች። እኛ የሙያው ሰዎች ይህን "ሰረቀች" እንላለን። ባለቤቱም የወለደች መስሏቸው ተሳሳቱ እንጂ አልዋሹም ማለት ይቻላል። የቀረው ባዝራ ያለው ሰው ነው።

የአጥሩ ማዶ ጎረቤት አቶ ገብሬ ሲነገራቸው አላመነቱም። "የኔ ባዝራ ልጅ ናት በል። ጥላዬ ከሚጠፋ እኔ ልዋሽ።" ባዝራቸው ከወለደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ዝም አለ።

ዓርብ

ካድሬው ወጣት ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም። ሪፖርቴን ቆሞ አነበበ። "በቅሎዋ የጎረቤት ባዝራ ውርንጭላ ሰርቃ ታጠባለች" ይላል።

"ሰርቃ?"

"በሙያችን እንዲህ ነው የሚባለው፣ ጓድ።"

"በቅሎ አትሰርቅም። የሚሰርቀው ሰው ነው።"

ከመጋዘን ላወጣቸው የፈለግሁትን ሰው በሌባነት ልከሳቸው ነው። ስንት ቃል ሞልቶ፣ "አቀፈች" ማለት እየቻልኩ! አቶ ጥላዬ እንደማያውቁ፣ እንስሳዋ በገዛ ፈቃዷ እንዳደረገችው እየተንተባተብኩ ማልኩለት። አቶ ገብሬም ክስ የለኝም አሉ። ካድሬው ፈረደ።

"ጥላዬ ባለማወቅ ስለሳተ ተመክሮ ይለቀቅ። የተሰረቀው ንብረት ግን አሁኑኑ ለባለንብረቱ ይመለስ። እስከ እሑድ ስብሰባ እዚሁ ነኝ፤ ውርንጭላዋን ከእናቷ ጋር አያታለሁ።"

ከእናቷ ጋር!

ሁለት ሰዎች ውርንጭላዋን ተሸክመው ወሰዷት። በቅሎዋ ገመዱን እየጎተተች መጮኽ ጀመረች፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከበቅሎ ሰምቼ አላውቅም። ባዝራይቱ ደግሞ ውርንጭላዋ ተጠግታ ጡት ስትፈልግ አሽትታት በኋለኛ እግሯ ረገጠቻት። ካድሬው እያየ ነበር። "ስለተለያዩ ነው፣ ትለምዳታለች" አልኩት። እንደማትለምዳት አውቃለሁ፤ ጡቷም ደረቅ ነው።

ለአቶ ገብሬ የላም ወተት በውኃ አቅጥነው፣ ስኳር ጨምረው በየሰዓቱ እንዲያጠጧት ነገርኳቸው። ስኳር በቤቱ አልነበረም። ወደ በቅሎዋ መልሱልኝ ብዬ ለመናገር ሦስት ጊዜ ወደ ካድሬው ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ብርድ አውርቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ስነሣ ውርንጭላዋ በጎኗ ተኝታ ነበር። አቶ ገብሬ ወተት በጨርቅ ወደ አፏ ያንጠባጥባሉ፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ልቧ ቆሟል።

አቶ ጥላዬ እስከ ገብሱ ማሳ ጫፍ ሸኙኝ። ከመጋዘን ሲወጡ ጢማቸው ላይ የነበረው የእህል ገለባ አሁንም አለ። "ዶክተር፣ እኔን አተረፉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ከበስተኋላችን የበቅሎዋ ጩኸት እየደከመ ይሰማል። "ግን እሷ ምን አጠፋች?"

እጃቸውን ስሜ መንገዴን ቀጠልኩ።

ልደታ፣ ከቀትር በኋላ

ቤቴ በሰላም ገባሁ። አስቴር ጭቃ የያዘ ጫማዬን ተቀብላ በሩን ዘጋች፤ መስኮቱንም ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች። ወንድሟ ከታሰረ አምስት ወሩ ነው፤ የት እንዳለ አናውቅም።

"እውነት ወልዳለች?" አለችኝ በሹክሹክታ። ዓይኗ እንዲያ ሲበራ ካየሁት ቆይቷል።

በቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

"አልወለደችም። የባዝራ ልጅ ሰርቃ ነው" አልኳት።

አንገቷን ደፋች። የእግር ውኃ ልታመጣልኝ ተነሣች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው፤ በቅሎ እንደምትወልድ፣ ይህንንም ለገዛ ሚስቴ መንገር የማልችል ሰው መሆኔን።