ለሁሉም አንድ መልእክት

«ያስገቡት መረጃ ትክክል አይደለም።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ ለአንድ የነርሶች ማሰልጠኛ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ስሠራ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥም፣ ፋይል አልጫን ቢልም፣ ቁጥር ቢጎድልም ያችኑ ለጠፍኩ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አለቃዬም «ደግሞ ማን ሊያነበው!» አለኝ። እኔ ጅሉ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ቱ!

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ፣ ሴት ልጃቸውን ይዘው፣ ከገጠር ከሸዋ ቤንች ማሰልጠኛው ውስጥ ወዳለው ቢሮዬ መጡ። የልጅቷ ዓይን አብጧል፤ ከእሳቸው ራቅ ብላ ቆማለች። ሽማግሌው ማኅተም ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሷን አታባርራት» አሉኝ።

ነገሩን አወጡልኝ። ልጅቷ ከሦስት ቀን በፊት ሚዛን መጥታ ኢንተርኔት ቤት ልትመዘገብ ሞክራለች። ደጋግማ ብትሞላም መረጃሽ ትክክል አይደለም እያለ ሲመልሳት እያለቀሰች አገሯ ገባች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ፣ በቃ የአባት ስሟ ነገር ተነቃብኝ አሉ። ለካ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ጡት ሳትጥል ወስደው በራሳቸው ስም አሳደጓት። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ግን ማን አፉን ይከፍታል? የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ቁጭ አድርገው ነገሯት። በማግስቱም ቀበሌ ወስደዋት፣ አጠገባቸው አቁመው፣ አባቷ አይደለሁም ብለው አሻራቸውን አሳረፉ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። ስሟ ምንም አልሆነም። ፎቶዋ ነው! የፋይሉ መጠን ከተፈቀደው በልጦ ፕሮግራሙ አልቀበልም ብሏል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው። አቅሜ አልቻለም ማለት ያቃተው ፕሮግራም ሰውን ውሸታም ብሎት ቁጭ። ፕሮግራም እላለሁ እንዴ ደግሞ! እኔ ነኝ እንጂ። ራሴን ተጸየፍኩ።

ፎቶውን አሳንሼ መልሼ ላክሁት። ወዲያው አለፈ፣ የአባት ስሟ የሽማግሌው እንደሆነ።

«ተመዝግባለች፣ አባባ። ስሟ ችግር አልነበረበትም። ፎቶዋ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ነው።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አዩ፤ ከዚያ ልጅቷን።

«ታዲያ አባትሽ አይደለሁም ያልኳት ለፎቶ ነው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኩ።