የኦዴላ ቅሎችና የወደቀችው ጫጩት

የሙቀቱ ወር ሐምሌ በገባ ቁጥር የኦዴላ ጣቶች ሐምራዊ ይሆናሉ። ሳፋውን ጭኖቿ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ትቀመጥና ሐምራዊ ቅርፊት ያለውን አደንጓሬ ትፈለፍላለች። አውራ ጣቷን በቅርፊቱ ጠርዝ ሰደድ ስታደርገው ይከፈታል፤ ፍሬው ሳፋው ውስጥ ይንጣጣል፤ ቀለሙ ግን ጣቷ ላይ ይቀራል። ጎረቤቷ ቨርኒስ አጠገቧ ተቀምጣ ታግዛታለች፤ ማለትም አንድ ፈልፍላ ሁለት ታወራለች።

ከፊታቸው ጓሮው በጠዋት ሥራውን ጀምሯል። ባምያው ከሰው ቁመት አልፏል። ቲማቲሙ ከብዶት የደገፈው እንጨት ላይ ተጋድሟል። ቢጫ ወፎች የሱፍ አበባው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው ፍሬውን ይለቅማሉ። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ሁለት ባለ ቀይ ጉሮሮ ወፎች ደግሞ ጓሮው ሙሉ አበባ እያለላቸው በአንዲት ቀይ አበባ ይጣላሉ።

የኦዴላ ዓይን ግን ከጓሮው መሃል ካለው ረጅም ምሰሶ አይነሣም። ጫፉ ላይ ካለው አግዳሚ ቅሎች ተንጠልጥለዋል። በአጥሯ ላይ አብቅላ፣ ብርዱን ወራት ሁሉ አድርቃ፣ ጎናቸውን የበሳችው ራሷ ናት። ማርቲን የሚባሉት ጠቆር ያሉ ሰማያዊ ወፎች በየዓመቱ ባሕር ተሻግረው ይመጡና እንዲህ ባለ ቅል ውስጥ ይፈለፍላሉ። እናቷም አያቷም ይሰቅሉላቸው ነበር።

ካቻምና ዐውሎ ነፋስ የዱሮውን ምሰሶ ጣለው። አምና አንድም ማርቲን አልመጣም፤ ኦዴላም ሰማዩ ባዶ ሆኖባት ከረመች። ዘንድሮ ወንድሟ ሆሴያ ቅሎቹ በገመድ የሚወርዱበትና የሚወጡበት አዲስ ምሰሶ ተከለላት። የመጡት አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው። ልጆቻቸውን አሳድገው በሰላም ካበረሩ ለሚመጣው ዓመት ይመለሳሉ፤ ካልቀናቸው ግን ሌላ ሰፈር ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ኦዴላ ከሚያዝያ ጀምሮ አንገቷን አቅንታ የምትኖረው።

"አንገትሽ እንዲህ እንደ ቀና ሊቀር ነው" አለቻት ቨርኒስ። "እሁድ ዕለት እንኳ ፓስተሩ ሲሰብኩ ጣሪያ ጣሪያውን ስታዪ ነበር።"

"መንፈስ ቅዱስን እየጠበቅሁ ነዋ!"

"መንፈስ ቅዱስ በርግብ ነው የመጣው፤ በማርቲን አይደለም።"

ሁለቱም እየሳቁ ሳለ ከቅሉ ቀዳዳ አንድ ግራጫ ነገር ወጣ፤ ተንገዳገደ፤ ቁልቁል ወርዶ የዱባው ቅጠል ላይ ጧ አለ።

ኦዴላ ሳፋዋን ወለሉ ላይ ጥላ ሮጠች። ጫጩቷ ላባ አውጥታለች፤ ለመብረር ግን ገና ናት። አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ሙቀቱ ነው ያስወጣት፤ ያን ቀን በጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ልብሱ ከገላው ይጣበቅ ነበር። ቨርኒስ ልታነሣት ጎንበስ አለች።

"እንዳትነኪያት!" ብላ ጮኸች ኦዴላ። "የሰው እጅ ከሸተታት እናቷ ትጥላታለች።"

"ታዲያ በጸሎት እናንሣት?"

አጥሩ ላይ የቨርኒስ ድመት ተቀምጧል። ጥቁር ሆኖ አንገቱ ብቻ ነጭ ስለሆነ፣ ባለ ነጭ ኮሌታ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መስሎ፣ ስሙ ዲያቆን ነው። የዱባው ቅጠል ላይ ያለውን ነገር ዲያቆንም አይቷል። ኦዴላ ወጥ ቤት ገብታ ጭልፋ ይዛ ተመለሰች።

"አንቺ ሴት፣ ልታድኛት ነው ወይስ ሾርባ ልታወጪ?"

"ዝም ብለሽ ድመትሽን ያዢ!"

ኦዴላ ጭልፋውን በቀስታ ከሥሯ ሰደደችና ከፍ አደረገቻት። ጫጩቷ ተንፈራግጣ መሬት ወረደች። ዲያቆን ከአጥሩ ዘለለ። ኦዴላም ጭልፋውን ወዲያ ወርውራ ጫጩቷን በሁለት እጇ ለቀም አደረገቻት። ቨርኒስም ድመቱን ቀልባ በክንዷ አቀፈችው።

ከዚያ ኦዴላ እጇን አየች። የጫጩቷ ነጣ ያለ ደረት በአደንጓሬው ቀለም ሐምራዊ ሆኗል።

"ነካኋት" አለች። "በቃ፣ ዘንድሮን በገዛ እጄ አበላሸሁት።"

ጩኸቱን ሰምቶ ሆሴያ በውስጥ ሸሚዙ እየሮጠ መጣ። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

ኦዴላ ነገረችው። ሆሴያ ሳቁ አላስቆም አለው።

"እታለም፣ ማን ነው እናቷ ትጥላታለች ያለሽ?"

"እናታችን ናታ!"

"እናታችን እሱን ያለችው እኔን ለማስፈራራት ነው! ልጅ ሆኜ እጄን ያላስገባሁበት የወፍ ጎጆ አልነበረም፤ ቢጨንቃት አስፈራራችን። አንቺ ከእኔ ጋር ቆመሽ ስለ ነበር አብሮ ደረሰሽ። ወፍ ልጇን በጠረን የምትጥል ብትሆን ኖሮ እኔ የዚህን አውራጃ ወፍ ሁሉ ጨርሼው ነበር።"

"አላመንሁህም።"

"ባታምኚኝም ግድ የለም። ብቻ ወደ ላይ እንመልሳት።"

ገመዱን ፈትቶ ቅሎቹን አወረደ። ውስጥ ያሉት እህቶቿና ወንድሞቿ ምግብ የመጣ መስሏቸው አፋቸውን ከፈቱ። ኦዴላ ጫጩቷን በመካከላቸው አስገባቻት። ሆሴያ የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ አውልቆ ቅሉ ላይ ጥላ እንዲሆን አግዳሚው ላይ አሰረው፤ ከዚያ ገመዱን ሳበ።

ሦስቱም በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አደንጓሬውን የነካ የለም።

እናትየዋ መጣች፤ ምሰሶውን ዞረችው፤ ተመልሳ ሄደች።

"ሄደች" አለች ኦዴላ።

"የሆሴያን ሸሚዝ አይታ ነዋ። እኔም ብሆን አልገባም ነበር" አለች ቨርኒስ።

ኦዴላ ግን አልሳቀችም። እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ሰማዩን ታያለች። ቨርኒስም የእሷን ፊት አይታ ቀልዷን ተወችው።

እንደገና የክንፍ ጥላ ጓሮውን አቋረጠ። እናትየዋ መስታወት የመሰለ ክንፍ ያለው የውኃ ተርብ በአፏ ይዛለች። ቀዳዳው ላይ አረፈች። ቢጫ አፎች ተጋፍተው ብቅ አሉ፤ ከሁሉም ፊት፣ ሁሉንም ገፍታ፣ ደረቷ ሐምራዊ የሆነችው! እናትየዋ አላሸተተችም፣ አላመነታችም፤ ያመጣችውን እስከ ክንፉ ጉሮሮዋ ውስጥ ሰገሰገችላት።

ኦዴላ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። "በላች! ሆሴያ፣ በላች እኮ! ቨርኒስ፣ አየሻት?" ቨርኒስን ጎትታ አስነሣቻትና በረንዳው ላይ እየዞሩ ጨፈሩ። ዲያቆን በርግጎ አምልጧል፤ የተፈለፈለው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ ሆሴያ ያለ ሸሚዝ ተንበርክኮ እየሳቀ ይለቅማል።

ወሩ ሳያልቅ አንድ ማለዳ ጫጩቶቹ ሁሉ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ተደርድረው ተገኙ። የአንዷ ደረት አሁንም ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። አባትና እናታቸው በላያቸው እየተመላለሱ ኑ፣ ኑ ይሏቸዋል። ተራ በተራ ሽቦውን ለቀው በረሩ። ኦዴላ በሌሊት ልብሷ ባምያው መሃል ቆማ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ሁሉ፣ አጨበጨበችላቸው።

ኦዴላ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንዲት ልመና አላት። ልጆቻችሁን ከወፍ ጎጆ ስትከለክሉ የሌላ ቤት ስለሆነ ነው በሏቸው። የወደቀ ጫጩት ካገኙ ግን በእጃቸው ያንሡትና ወደ ቤቱ ይመልሱት። እባካችሁ፣ ትጥለዋለች ብላችሁ እናቲቱን አትሟት።