ያልነፋሁት ጥሩምባ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ በአፌ ያቃተኝን እጄ ከቻለ ብዬ ልጻፈው። መሸከሙ ደክሞኛል።

የቀጨኔ ሸማኔ ነኝ፤ የእድራችን ጥሩምባ ነፊም ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞርኩ የማረዳው እኔ ነኝ።

ለተብርሃን ከኤርትራ ተሰዳ የመጣች ሴት ናት። አሮጊት እናቷን ይዛ ሰፈራችን ተከራየች። እድር ልግባ ስትል ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «ነገ ካናዳ ለምትሄድ ስደተኛ ድንኳን ልንተክል ነው?» አልኩ።

እማማ በለጡ ከኋላ፣ «አንተስ በልጅነትህ ከጨንቻ ስትመጣ ቀበሌው በእልልታ ነው የተቀበለህ? በል ተቀመጥ!» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። ለተብርሃንም እድሩ ገባች። እኔ ያ ሳቅ አልወረደልኝም።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ አረፉ። የእድሩ ሊቀመንበር «ለሰፈሩ ሁሉ ንገር» አለኝ። ጥሩምባውን ይዤ ወጣሁ፤ ዳገቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳልነፋ ተመለስኩ። ሳልነፋ! ምን አደረገችኝ? ምንም። እኔም በዚሁ ሰፈር «መጤ» እየተባልኩ፣ እየተሰደብኩ ነው ያደግኩት። ሕመሙን እያወቅኩ ማድረጌ አይብስም?

ድንኳኑ ባዶ ዋለ። አስከሬኑን የሚያነሳ ስለጠፋ እኔ ራሴ ከድንኳን ተካዮቹ ጋር ተሸከምኩ። ከቀብር ስንመለስ እጄን ይዛ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እናቴን ማን ያነሳልኝ ነበር?» አለች። ቀጥላም፣ «ሰዉ ግን ሰምቶ ነው የቀረው?»

«ሰምቷል» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ሲቆጣኝ፣ ሰፈርተኛውም ለምን አልነገርከንም ሲለኝ፣ «እሷ ናት አትንፋ ያለችኝ፤ የቤተሰቧ ወግ ነው አለች» አልኩ። ሰዉ ተቀየማት። «ናቀችን» አሉ። ሊያስተዛዝናት የሄደ በጣት የሚቆጠር ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ ጥቂት ከረመችና ቤቱን ለቀቀች። የት እንደገባች አላውቅም።

ዛሬም ስሟ ሲነሳ፣ «እሷ እኮ ከሰው አልገጠመችም» ይላሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። አላርማቸውም። ድህነቴን፣ መሃይምነቴን፣ የተሰደብኩትን ስድብ አላመካኝም፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። እስካሁን ዝም ያልኩት ለምን መሰላችሁ? እውነቱን ካወቁ እኔ ስሞት ማንም አይቀብረኝም ብዬ ነው።