ከዝናቡ በላይ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የማውቀው ላሞችን ነው።

ባለፈው ክረምት፣ እትዬ የምላቸው አሠሪዬ እግራቸውን ሲያማቸው፣ አያት ሰፈር ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለውን የወተት ላሞች በረት ለእኔ ተዉልኝ። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ጥቁሯ ላም ወተቷን ያዘች። ግቷ ተወጥሮ እያለ ጠብ አይልላትም። እትዬም፣ "ፍልሰታ ሲፈታ ለሥጋ ቤት ትሸጣለች" አሉ።

እኔ የማልበው እናቴ እንዳስተማረችኝ እያንጎራጎርኩ ነው። ዓይን አፋር ነኝና ድምፄን ከላሟ ጆሮ አላሳልፈውም።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ንጋት ላይ ግንባሬን ሆዷ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ትንፋሿና ጉሙ ተቀላቅለው ደመና ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም። ለካ እሷም ክረምቱን ሙሉ አልሰማችኝም!

ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘፈንኩላት። ጆሮዋ ወደ እኔ ዞረ፤ ቀስ እያለም ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይንፏፏ ጀመር። ሞቅ ባለው ሽታው ውስጥ የምንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ዝናቡ ማባራቱን እንኳ ሳላውቅ ቀጠልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ጾሙ የማይመለከታቸው፣ ወተት ሊወስዱ የመጡት የወሎዋ ጎረቤታችን ጆግ እንደያዙ ይስቃሉ።

"እኔ እኮ ሠርግ ያለ መስሎኝ ነው የሮጥኩት!" አሉ ጎረቤታችን።

ፊቴ ጋለ።

"እትዬ... ትሸጣለች?" አልኩ።

"ይህን ጉሮሮ ደብቀሽ ላሜን ልታሳርጂብኝ! ማን ይሸጣታል? በይ ዝፈኚ፤ ገና ሁለት ጡት ይቀርሻል።"